የኮሌጅ ወጪና ስፖርት፦ ለሐረር ተማሪዎችና ወላጆች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም በመደበኛ መርሐ ግብር የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ ስፖርተኛ ሆነም አልሆነም፣ የትምህርቱን ወጪ ከመንግሥት ጋር የሚጋራው በአንድ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የተመሠረተው በከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲሆን፣ ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ ለተቋሙ ቡድን የሚጫወት ተማሪ ከዕዳ ነፃ ይሆናል አይልም። ተቋሙ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ትጥቅ፣ የጉዞ አበልና በውድድር ወቅት የሚቀርብ ምግብ የውድድር ወጪ እንጂ የትምህርት ክፍያ አይደለም። ይህ ልዩነት ግልጽ ሳይሆን ሲቀር፣ «ኳስ ስለሚጫወት በነፃ ይማራል» የሚለው የሰፈር ወሬ ቤተሰብን ለተሳሳተ ስሌት ይዳርጋል።

የወጪ መጋራት ዕዳ እንዴት ይሰላል?

ተማሪው የሚጋራው ወጪ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የምግብ ወጪ፣ የመኝታ ወጪና ከማስተማሪያ ወጪው 15 በመቶ የሚሆነው ናቸው። በየዓመቱ በሚፈረመው የውል ቅጽ ላይ ተማሪው የሚጠቀምባቸው አገልግሎቶች ይመዘገባሉ። ምግቡንና መኝታውን ከተቋሙ የማይወስድ ተማሪ የሚጠበቅበት የማስተማሪያ ድርሻው ብቻ ነው። በአንጻሩ የምግብ ወጪውን በገንዘብ የሚቀበለውና በተማሪዎች አነጋገር «ነን ካፌ» የሚባለው ተማሪ የተቀበለው ገንዘብ በዕዳው ላይ ይደመራል። ብዙዎች ይህን ገንዘብ እንደ ድጎማ ስለሚቆጥሩት ከወዲሁ ማወቁ ይጠቅማል።

ይህ ነጥብ ለሐረር ልጆች የተለየ ትርጉም አለው። በ1977 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ግን የሚገኘው በሐረር ከተማ ነው። በጀጎል ውስጥ ወይም ከግንቡ ውጭ ባሉ ሰፈሮች ከወላጆቹ ጋር እየኖረ በዚህ ኮሌጅ የሚማር ተማሪ፣ ምግብና መኝታ ካልወሰደ ዕዳውን በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል።

ክፍያው የሚጀምረው ተመራቂው ሥራ ከያዘ በኋላ ሲሆን፣ አሠሪው ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየቀነሰ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ለምሳሌ ያህል የተጠራቀመ ዕዳው 40,000 ብር፣ የወር ደመወዙ ደግሞ 9,000 ብር የሆነ ተመራቂ በወር 900 ብር ቢከፍል በ45 ወራት ውስጥ ይጨርሳል። ይኸው ተማሪ በልምምድና በጉዞ ምክንያት ፈተና አምልጦት አንድ ዓመት ቢደግምና 10,000 ብር ቢጨመርበት፣ ተጨማሪ 11 ወራት ገደማ መክፈል ይኖርበታል። ስሌቱ ለማብራሪያ የቀረበ ነው፤ ትክክለኛው መጠን እንደ ተቋሙ፣ እንደ ትምህርት መስኩና እንደ ዓመቱ ይለያያል። ያም ሆኖ ለስፖርተኛ ተማሪ ትልቁ ወጪ ብዙውን ጊዜ የሚደገመው ዓመት መሆኑን ያሳያል።

ደንቡ በመምህርነት ሙያ የሚሠለጥኑ ተማሪዎች ዕዳቸውን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት እንዲተኩ የሚያስችል አሠራርም አለው። በስፖርት ሳይንስ ተመርቆ በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ለመሆን የሚያስብ ስፖርተኛ፣ የተመደበበት መርሐ ግብር የመምህርነት ሥልጠና ተብሎ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ውሉን ከመፈረሙ በፊት ከሬጅስትራር ማረጋገጥ አለበት። የስፖርት ሳይንስ ዲግሪ ሁሉ የመምህርነት ዲግሪ አይደለም።

ክለብና ትምህርት

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በሀገር አቀፍ ደረጃ ስለሚከናወን፣ በሐረር ያደገ ተጫዋች ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። ይህም ከክለቡ ጋር ያለውን ውል እንዲያፈርስ ወይም ምደባውን እንዲተው ያስገድደዋል። የሊግ ውድድሮች የሚካሄዱት በአብዛኛው በትምህርት ወራት በመሆኑ፣ ሁለቱን ማጣመር የሚቻለው የክለቡ ሜዳና የኮሌጁ ክፍል ሲቀራረቡ ነው። ምደባውን ትቶ ለክለብ ከመፈረም በፊት የውሉን ዘመን ማየት ተገቢ ነው፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ከሦስትና አራት ዓመት ትምህርት ያጥራል። ክለቡም ቢሆን ዕድሜው በባለቤቱ በጀት ላይ የተመሠረተ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ሲጫወት የቆየው ሐረር ቢራ ስሙን ያገኘው ከፋብሪካው ነበር፤ ፋብሪካው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ለውጭ ኩባንያ ተሸጧል።

ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ክለብ የሚሄድ ተማሪ እስከዚያ ድረስ የተማረበት ወጪ አይሰረዝለትም። በተቋሙ ደንብ መሠረት የማቋረጫ ቅጽ ሞልቶ፣ ንብረት አስረክቦና ማስረጃውን ይዞ መውጣት ይኖርበታል። ሳያስታውቅ የጠፋ ተማሪ እግሩ ተጎድቶ ወይም ውሉ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ዳግም ለመቀበል ብዙ ተቋማት በራቸውን ይዘጉበታል።

ሐረሩን ሳይለቅ፣ ክለቡንም ሳይተው ለመማር የሚፈልግ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚያማትረው ወደ ማታና ቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብሮች ወይም ወደ ግል ኮሌጆች ነው። በእነዚህ የወጪ መጋራት አይሠራም፤ ክፍያው በኮርስ ወይም በመንፈቅ ዓመት በቅድሚያ ይፈጸማል። ስለሆነም ክለቡ «የትምህርት ክፍያህን እንሸፍናለን» ቢል ቃሉ በውሉ ላይ በአንቀጽ መስፈር አለበት፦ ስንት ብር፣ ለስንት መንፈቅ ዓመት፣ ተጫዋቹ ቢጎዳ ወይም ቢዘዋወር ክፍያው ይቀጥል እንደሆነ። በተጨማሪም የኮሌጁ ዕውቅና ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይጣራ። ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በሐረር ለከፈተው ቅርንጫፍም ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ከውጭ ሀገር የሚመጣ የስፖርት ስኮላርሺፕ

በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሦስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ያሉ አነስተኛ ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ ድጋፋቸው በትምህርት ውጤትና በገንዘብ ችግር ላይ የተመሠረተ ነው። በሁለተኛው ዲቪዚዮን ያሉት ይሰጣሉ፤ አብዛኛው ግን ከፊል ነው፤ ቀሪውን ቤተሰቡ ይሸፍናል። ስለዚህ የአሠልጣኝ መልእክት ወይም የደላላ ተስፋ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መታየት ያለበት ከኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ በቀጥታ የተጻፈና የሚሸፈነውን መጠን በቁጥር የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ቀደም ሲል ለክለብ በደመወዝ መጫወት በእነዚህ ውድድሮች የመሳተፍ ብቁነትን ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ተጫዋቹ የክለብ ውሉን ቅጂ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ተመራቂዎች ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ለማውጣት የወጪ መጋራት ክፍያ ማጠናቀቂያ ማስረጃ ይጠየቃሉ። በየዓመቱ የተፈረመው ውል ቅጂና በአሠሪው፣ ክለብም ቢሆን፣ የተቀነሰው ገንዘብ ደረሰኝ በዚያን ጊዜ ስለሚፈለጉ አብረው ይቀመጡ።