ከሻንጣ የወጣ ክኒን

"ቲቸር፣ ታሪክ ያለፈ ነገር ነው፤ ምን ያደርግልናል?" ስትሉኝ ለነበራችሁ ተማሪዎቼ ዛሬ መልስ ይዣለሁ።

ሰሞኑን አክስቴ ጥርሷን ተነቀለች። ሕመሙ ሲብስባት ልጇ ከለንደን ስትመጣ፣ ለራሷ ታዞላት ከተረፋት ማስታገሻ ሁለት ፍሬ ሰጠቻት። ማታ ስገባ ተኝታለች፤ እንቅልፉ ግን የጤና አልመሰለኝም። ትንፋሿ ቀርፋፋ ነው፣ ብንጠራትም አትሰማም። በሩጫ ሐኪም ቤት አደረስናት፤ ተመስገን፣ ተረፈች። የክኒኑን ካርቶን ፎቶ አንስቼ ፋርማሲስት ለሆነው የድሮ ተማሪዬ ላክሁለት። "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ኮዴን አለበት። እኛ አገር ታግዷል" አለኝ።

ለምን ታገደ? ታሪኩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ኮዴን ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ሰው ልክ ነው የተባለውን መጠን ቢወስድ እንኳ ሞርፊኑ ባንዴ ይበዛበትና ትንፋሹን ያዳክመዋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሌኒ አክሊሉ የተባለች ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሆነው አንድ ጥናት አወጡ። ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ይህ ጂን ተደራርቦባቸው ተገኘ። በስዊድናውያን ከ100 ሰው አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አስቡት፤ 17 ያህሉ ማለት ነው!

ያኔ የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክት ገና መንገድ ላይ ነበር። በ1990 ተጀምሮ በ2003 ሲጠናቀቅ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ተነበበ ተባለ። የማን ፊደል? አብዛኛው የተነበበው አሜሪካ፣ ቡፋሎ ከተማ ውስጥ የጋዜጣ ማስታወቂያ አይተው ደም ከሰጡ ጥቂት ሰዎች ነው፤ 70 ከመቶ ያህሉ እንዲያውም ከአንድ ሰው።

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቶንሲል ተቆርጦላቸው ኮዴን የወሰዱ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከእነ ኤሌኒ ጥናት 17 ዓመት ዘግይቶ! የእኛ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም የሕዝባችንን ጂን ምክንያት አድርጎ ኮዴንን አገደ። እገዳው ግን ሻንጣ አይፈትሽም።

አክስቴ ጂኗ አልተመረመረም፤ ስለዚህ ምክንያቱ እርግጠኛ ይሄ ነው አልልም። እኔ የገባኝ ግን "ልክ ነው" የሚባል መጠን በአንድ ወቅት፣ በአንድ ቦታ፣ በሌሎች ሰዎች ሰውነት የተለካ መሆኑን ነው። ልኬትም ታሪክ አለው። እኛ ያልገባንበት ጥናት ደግሞ እኛን አያውቀንም።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቼ፣ ለእናት ለአባት መድኃኒት ስትልኩ እባካችሁ መጀመሪያ ፋርማሲስት ጠይቁ። እዚህ ያላችሁም በሰው ማዘዣ የመጣ ክኒን አትዋጡ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ግን በእኔ ጽሑፍ እንዳታቋርጡ፤ እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ።

ለቤተሰብ አንብቡላቸው። ሰላም እደሩ።