አጥፊ ኳንታይዜሽን

አጥፊ ኳንታይዜሽን በሙዚቃ ሲኩዌንሰር የተቀረጹ ኖታዎችን ወደ ቅርብ የምት ክፍልፋይ የሚያስጠጋና ሙዚቀኛው መጀመሪያ የተጫወተበትን ጊዜ ከማህደረ ትውስታ የሚሰርዝ የጊዜ ማስተካከያ ነው። አጥፊ ያልሆነው ዓይነት ግን ዋናውን ቅጂ ሳይነካ፣ ዜማው በሚደመጥበት ጊዜ ብቻ ያስተካክላል።

አመጣጥ

አሜሪካዊው ሮጀር ሊን በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤልኤም-1 የተባለው የከበሮ ማሽን እንዲህ ያለ ማስተካከያ ነበረው። ሊን ከጃፓኑ አካይ ኩባንያ ጋር የሠራው ኤምፒሲ60 ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚህ መሣሪያ ማስተካከያው በርቶ ሲቀረጽ ኖታዎቹ የሚመዘገቡት ተስተካክለው ነው።

አሠራር

ሲኩዌንሰር የሚመዘግበው ድምፅን ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ነው። ኤምፒሲ60 አንዱን ሩብ ኖታ በ96 ነጥቦች ይከፍላል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ፣ አንዱ ነጥብ 5.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው።

ማስተካከያው በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲደረግ በአንድ ምት ውስጥ የሚቀሩት ቦታዎች 0፣ 24፣ 48 እና 72 ብቻ ናቸው። በ20ኛው ነጥብ የተመታ ኖታም ሆነ በ28ኛው የተመታ 24 ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደተመታ ማወቅ አይቻልም።

ጉዳቱ ለሦስት በሚከፈል ምት ይብሳል። እንደ ችክችካ ባለ የ6/8 ስልት አንዱ ምት ለሦስት እኩል ሲከፈል ኖታዎቹ 0፣ 32 እና 64 ላይ ይወድቃሉ። በአሥራ ስድስተኛ ኖታ ሲስተካከሉ 32 ወደ 24፣ 64 ወደ 72 ይሄዳል። እኩል የነበረው ክፍፍል 24፣ 48፣ 24 ሆኖ ስልቱ ይዛባል።

መከላከያ ዘዴዎች

1. ማስተካከያውን አጥፍቶ መቅረጽ፤ ማስተካከል ካስፈለገ በኋላ ማድረግ።
2. ከማስተካከል በፊት ትራኩን ወደ ባዶ ትራክ መቅዳትና ዋናውን ድምፁን ዘግቶ ማስቀመጥ። ባዶ ትራክ ከሌለ ሥራውን በሌላ ስም ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የመመለሻ ቁልፍ በብዙ መሣሪያዎች የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ ስለሚመልስ አያስተማምንም።
3. ለስልቱ የሚስማማውን ክፍልፋይ መምረጥ፤ ለሦስት ለሚከፈል ምት የሦስትዮሽ ክፍልፋይ ያስፈልጋል።
4. መሣሪያው ከፈቀደ በከፊል ማስተካከል። በ50 በመቶ ሲስተካከል 28ኛው ነጥብ ላይ ያለ ኖታ ወደ 26 ይሄዳል። ሲደጋገም ግን ወደ 24 እየቀረበ ስለሚሄድ ይህም ቅጂ ይፈልጋል።
5. የሚጫወቱትን በሚዲ ገመድ በሌላ መሣሪያም ጎን ለጎን ሳይስተካከል መቅረጽ።

ከጠፋ በኋላ

ኖታዎችን በዘፈቀደ ወደፊትና ወደኋላ የሚያንቀሳቅሱ መሣሪያዎች አሉ። እነዚህ ግን አዲስ መዛነፍ ይፈጥራሉ እንጂ የሙዚቀኛውን አመታት አይመልሱም። ቅጂ ካልተቀመጠ የሚቀረው ክፍሉን እንደገና መጫወት ነው።