የፊት መብራትን መርሳት መቼ ተጀመረ?

ጠዋት የአያታችሁን አሮጌ ቮልስ ለማስነሳት ቁልፉን ስታዞሩ “ጠቅ” ብላ ዝም። ማታ የፊት መብራቱን ሳታጠፉ ወርዳችኋላ! በሉ እንግዲህ፣ ግፉ።

ይሄ ጣጣ ግን ሁሌም የነበረ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 የፎርድ ሞዴል ቲ የኤሌክትሪክ መብራት ኃይል የሚያገኘው ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከር ማግኔቶ ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፣ ሲዘገይ ይፈዛል፣ ሲቆም ድርግም! ለመንገድ ብዙም አይመችም፤ አብርቶ መርሳት ግን አይቻልም ነበር። ጣጣውን ያመጣው ባትሪ ነው። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ፣ ፎርድም በ1919 የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ ሲገጥሙ መብራቱም ከባትሪው መጠጣት ጀመረ።

ባለ 6 ቮልት ቮልስን እናስላ። ሁለት ባለ 40 ዋት አምፖሎች 80 ዋት ናቸው፤ ለ6 ሲካፈል 13 አምፔር ገደማ። ባለ 66 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ5 ሰዓት አለቀለት ማለት ነው። ሞተሪኖው እኮ ከዚያም ቀድሞ ይደክማል።

መፍትሔው ባዘር የምትባል ትንሽ ማንቂያ ናት። አንዱን ሽቦዋን ከመብራቱ መስመር፣ ሌላውን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር፣ ለምሳሌ ከነዳጅ ጌጁ ጋር ታገናኛላችሁ። ሁለቱም ሲበሩ በሁለቱም ጫፍ 6 ቮልት አለ፤ ልዩነት ስለሌለ ከረንት አይፈስም። ቁልፉን ዘግታችሁ መብራቱን ከረሳችሁ ግን ከረንቱ በባዘሯ አልፎ፣ በጌጁ በኩል ወደ ቦዲው ይወርዳል፤ ጢዝዝ!

በቀን፣ መብራቱ ጠፍቶ ስትነዱስ? ከረንቱ ተገልብጦ ፈስሶ ባዘሯን ያስጮኻታል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ይጨመራል። ብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ደግሞ ከቦዲው የሚያስሩት የባትሪውን ፖዘቲቭ ነው፤ እነሱ ላይ ዳዮዱን ገልብጡት።