የዓይን ጥቁረት፦ ከአል አይን እስከ ባራንኪያ

አል አይን የሚለው ስም ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ አያሻውም። ዓይን ያው ዓይን ነው። ዐረቦች ምንጭንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ ከአቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኘው ከተማም ስሟን ያገኘችው ከምንጩ ነው። ውሃውን ወደ ቴምሩ የሚመራው ቦይ «ፈለጅ» ይባላል፤ የግዕዙ «ፈለግ» የቅርብ ዘመድ መሆኑ ነው። በአል አይን የበረሃ ገነት ብቻ ከ147,000 በላይ የቴምር ዛፎች በዚህ ውሃ ይጠጣሉ።

ወደዚህ ጥላ የሚጓዙ ግመለኞች «ተግሩዳ» የተባለ ዜማ ነበራቸው። ከሰባት ስንኝ የማይበልጥ ግጥም ነው፤ አንዱ ወገን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ግመሎቹም በዜማው ልክ ይራመዳሉ። ብዙ ጊዜ ለተወዳጅ የሚላክ መልእክት ነው። ዩኔስኮ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሲመዘግበው የኤሚሬትስና የኦማን የጋራ ቅርስ ብሎታል።

ሴቲቱስ ምን ትላለች? መልሱ ከአል አይን ወጥቷል። ዑሻ ቢንት ኸሊፋ አል ሱወይዲ በ1920 እዚያው ተወለዱ፤ ኋላ ዱባይ ኖሩ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው በ«ነበጢ»፣ ማለትም በሕዝቡ አፍ በሚገጠም ግጥም፣ ስም አወጡ። ፍቅርንና ናፍቆትን ገጠሙ፤ ዘፋኞችም ግጥሞቻቸውን አዜሟቸው። በ1989 የዱባዩ ሼክ ሙሐመድ ቢን ራሺድ «የዐረቦች ልጃገረድ» የሚል ማዕረግ ሰጧቸው።

በዐረብ የፍቅር ግጥም ቀለም ከዓይን ይጀምራል። «ሐወር» የሚል ቃል አላቸው፤ የዓይን ነጩ እጅግ ነጭ፣ ጥቁሩም እጅግ ጥቁር ሲሆን ነው። በአንድ ቃል ሁለት ቀለም! የእኛ ዘፋኝ ግን ወደ መልክ ይሄዳል፤ ጠይም፣ ቀይ ዳማ ይላል። ለጠይም ዐረቡ «አስመር» አለው፤ በጨረቃ ብርሃን የሚወጋው የሌሊት ጨዋታ «ሰመር» ከተባለበት ሥር የመጣ ነው። እኔ ከሁሉም ይህን ዝምድና እወዳለሁ፤ ጠይምነትን ምሽት ያደርገዋል።

ላቲኖችም ጠይሟን «ሞሬና» ብለው ሳይዘፍኑላት አይውሉም። ቃሉ «ሞሮ» ከሚለው የመጣ ነው፤ እስፓንያን የገዙት ሙስሊሞች የተጠሩበት ስም። በዚያው በአንዳሉስ ዘመን ገጣሚዎች የዐረብኛና የዕብራይስጥ ግጥማቸውን በአገሬው ልሳን ይዘጉት ነበር። ሳሙኤል ስተርን የተባለ ምሁር በ1948 እነዚህን መዝጊያዎች ሲፈታቸው፣ የላቲን ልጅ በሆነ ቋንቋ የምታንጎራጉር ልጃገረድ ውዷን «ሐቢቢ» እያለች ስትጠራ ተገኘች።

ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የባራንኪያዋ ሻኪራ፣ አያቶቿ ከሊባኖስ የተሰደዱ ኮሎምቢያዊት፣ «ኦሆስ አሲ»ን ዘፈነች። ርእሱ «እንዲህ ያሉ ዓይኖች» ማለት ነው፤ በስፓኒሹ መሐል ዐረብኛ ይገባበታል። በ2000 የመጀመሪያው የላቲን ግራሚ ሲሰጥ በሴት ፖፕ ድምፅ ዘርፍ አሸናፊ ያደረጋት ይኸው ዘፈን ነው። ጥሩ ዘፈን ነው፤ የቀለሙ ሥራ ግን ከነበጢው ጋር ሲተያይ ለእኔ ይሳሳል።

ዑሻ ሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) ላይ በ98 ዓመታቸው አረፉ። በስማቸው ለኤሚሬትስ ሴት ገጣሚዎች ሽልማት ተቋቁሟል። አል አይንና አቡ ዳቢ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ የዑሻ ግጥም ሲዜም ከሰማችሁ ስለ ዓይን የሚለውን በአማርኛ መልሳችሁ ላኩልን።