የቀን አጻጻፍና የመረጃ ቋት

እ.ኤ.አ. በ1752 ብሪታንያ ከዩልዮስ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስትሸጋገር፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን አምሽቶ የተኛው ሕዝብ የነቃው ሴፕቴምበር 14 ቀን ነበር። ይህ የተዘለለ አሥራ አንድ ቀን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኮምፒዩተር ውስጥ ብቅ ማለቱ የሚያስገርም ነው። ሳይቤዝ የተባለው የመረጃ ቋትና ከእርሱ የተወለደው የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ «ዴትታይም» ላሉት የቀን ዓይነት መነሻ ያደረጉት ጃንዋሪ 1 ቀን 1753ን ነው። ከዚያ የቀደመ ቀን ይዞ የመጣ ፕሮግራም ከወሰን ውጭ ነህ ተብሎ ይመለሳል። ሠሪዎቹ በሁለት አቆጣጠሮች መካከል ከመዳኘት ይልቅ በሩን መዝጋት መረጡ፤ ከ0001 ዓመት የሚነሡ የቀን ዓይነቶች በኤስኪውኤል ሰርቨር ውስጥ የተጨመሩት በ2008ቱ እትም ነው።

ይሁንና መሐንዲሱን አብዝቶ ያስቸገረው የሩቅ ዘመን ሳይሆን የዕለት ተዕለት አጻጻፍ ነው። አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ፤ አብዛኛው አውሮጳ ቀኑን ያስቀድማል። ፕሮግራሙ ቀኑን በተራ ጽሑፍ መልክ ሲልክ፣ የመረጃ ቋቱ በራሱ የቋንቋ ቅንብር ተርጉሞ ያነበዋል። 25/04 ወደ አሜሪካ ቅንብር ቢላክ ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል፤ መሐንዲሱም ዕድለኛ ነው። 03/04 ግን ያለ አንዳች ድምፅ ያልፋል። በዓመት ውስጥ እንዲህ ተገለባብጠው ሊያልፉ የሚችሉ ቀኖች 132 ናቸው።

ይህን ለማስቀረት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 በአይኤስኦ 2014፣ ኋላም በ1988 በአይኤስኦ 8601 ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚለውን ቅደም ተከተል ደነገገ። ድንጋጌው መልካም ነው፤ አሮጌው «ዴትታይም» ግን ቀን በሚያስቀድም ቅንብር ሥር 1988-06-05ን ዓመት፣ ቀን፣ ወር አድርጎ ያነበዋል። በዚያ ቤት አስተማማኙ ያለ ሰረዝ 19880605 ብሎ መጻፍ ነው። ማይኤስኪውኤል በበኩሉ ያልገባውን ቀን ዜሮ በዜሮ አድርጎ እየመዘገበ ሥራውን ይቀጥል ነበር፤ ጥብቅ ቁጥጥር መደበኛ ቅንብሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 5.7 እትም ነው። ስሕተትን የሚውጥ መሣሪያ ስሕተትን ከሚጮኽ መሣሪያ የከፋ ነው።

በአገራችን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። የመረጃ ቋቶቹ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቁ፣ ጳጉሜን ተወልዶ 13 ተብሎ የተጻፈለት ሰው ምዝገባው ተመላሽ ይሆናል፤ ጸሐፊውም ሥራው እንዳይቆም ሲል ነሐሴ 30 ብሎ ያልፈው ይሆናል። ለብዙዎች ችግሩ የጳጉሜን ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. ቀኖች በሙሉ ሳይለወጡ በቁጥራቸው ቢገቡ፣ ከ365ቱ ውስጥ የሚመለሱት ሰባት ብቻ ናቸው፤ አምስቱ የጳጉሜን ቀናት፣ ሁለቱ ደግሞ በፌብሩዋሪ ቦታ የገቡት ጥቅምት 29 እና 30። የቀሩት 358 ቀኖች ያለ ተቃውሞ ይቀመጣሉ፤ መስከረም 1 ቀን 2014ም ጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ይሆናል። ልዩነቱ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከአሥር ቀን ነው። የተመዘገበው የትውልድ ቀን ከሆነ፣ ሠራተኛው ጡረታ የሚወጣበት ጊዜ በዚያው ልክ ቀድሞ ይደርሳል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቀኑን በጽሑፍ ሳይሆን በቀንነቱ፣ ማለትም ዓይነቱ በታወቀ መለኪያ አማካይነት ወደ ቋቱ ማስተላለፍ፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቀውን አይሲዩ የተባለ የፕሮግራም ስብስብ በመጠቀም ልወጣውን በመግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መፈጸም፤ በቅጹ ላይ የተጻፈውንም ከነአቆጣጠሩ ስም ለብቻው ማቆየት ይበቃል። አስቸጋሪው ቀድሞ የገባውን መለየት ነው። ጥቅምት 29ን እንደ ማጥመጃ ይዞ የ2014ን እና የ2015ን መዝገብ የፈተሸ መሐንዲስ ስሕተቱን ያገኘዋል፤ የ2016ን ሲፈትሽ ግን ያመልጠዋል፤ እ.ኤ.አ. 2016 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ነበረውና።