ሐኪሙ ከመኖ ውስጥ ቅጠል ሲለቅም

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። እ.ኤ.አ. በ1775 ካርል ፒተር ቱንበርግ የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ናጋሳኪ ወደብ ደረሰ። በዚያ ዘመን ከአውሮፓውያን ወገን ጃፓን የምታስገባው የሆላንድ ነጋዴዎችን ብቻ ነበር። ቱንበርግ ግን የዕፅዋት ፍቅር የያዘው ሰው ነውና አስቀድሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ላይ 3 ዓመት ተቀምጦ ሆላንድኛ ተማረ፤ የነጋዴዎቹ ሐኪም ሆኖም ገባ።

ገባ ስላችሁ ግን አገሩን እንደ ልቡ ዞረ ማለቴ አይደለም። ደጂማ በምትባል፣ በሰው እጅ በተሠራች ጠባብ ደሴት ላይ ተወሰነ። ታዲያ ምን አደረገ? ለደሴቲቱ ከብቶችና ፍየሎች የሚመጣውን መኖ እየበተነ ከሣሩ መካከል የማያውቀውን ቅጠል ይለቅም ጀመር! በዓመቱ የነጋዴዎቹ ልዑካን ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሲወጡ አብሯቸው ተጓዘ፤ በየመንገዱም ለቀመ። በ1784 ባሳተመው የጃፓን ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ እንደ ሕፃን መዳፍ ጣቶቹን የዘረጋ ቅጠል ያለው ዛፍ ሰፍሯል፤ የጃፓን ሜፕል ነው።

ጃፓናውያንማ ከእሱ በፊት ሲወዱት ኖረዋል። በመጸው ቅጠሉ ሲቀላ ሊያዩት ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ኪዮቶ ያለው የቶፉኩጂ ቤተ መቅደስ ያን ሰሞን በሰው ይሞላል። ቅላቱ የሚደምቀው ፀሐያማ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲገናኙ ነው።

ዘሩን ብትዘሩ ልጁ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ከወደዱት ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው በሌላ የሜፕል ችግኝ ላይ ያዳቅሉታል።

ተወላጅነቱ ከረጃጅም ዛፎች ሥር ስለሆነ የከሰዓት ፀሐይ የቅጠሉን ጫፍ ያቃጥለዋል። ጨርሶ ጥላ ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ቀዩ ዝርያ ወደ አረንጓዴ ያደላል። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ ነውና ድርቀት ቶሎ ይጎዳዋል፤ ውሃ የሚያቁር አፈር ግን ይገድለዋል።

በሲያትልና በዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አየሩ ይስማማዋልና ጓሮ ካላችሁ ትከሉት። አደራ፣ አትቅበሩት! ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ ከአፈር በላይ ይታይ፤ ሥሩን በዛፍ ቅርፊት ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ።