ሐዲድና ክንፍ በጦርነት ሚዛን

በሮማ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙን ያገኘው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ድል ከሆኑት የኢጣልያ ወታደሮች መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ከአዲስ አበባ ለገሀር ተነቅሎ የመጣው የይሁዳ አንበሳም በዚያው አቅራቢያ፣ በዶጋሊ ሐውልት ሥር፣ በምርኮ ቆሞ ነበር። ምርኮው ከባቡር ጣቢያ መወሰዱ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ በጦርነት ጊዜ ለአገር የሚበጀው ሐዲድ ነው ወይስ አውሮፕላን?

የጅቡቲው ሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ይሁን እንጂ ወደቡ በፈረንሣይ እጅ ስለነበረ፣ ፋሺስት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር መሣሪያ እንደ ልብ ሊገባበት አልቻለም። ጠላት ግን ሰማዩን ይዞ ቦምብና መርዝ ከማዝነቡም በላይ፣ ከስንቅ ለራቁት ጭፍሮቹ ምግብ ከአየር ይጥልላቸው ነበር። ቢሆንም ዋናውን ሠራዊት የመገበው በስዊዝ ቦይ የመጣው መርከብና ከምጽዋ ወደ ደጋ የወጣው ባቡርና ካሚዮን ነው። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባን እንደያዘም ወታደሮቹን በባቡር ወደ ድሬዳዋ ልኮ፣ ግንቦት 1 ቀን ከግራዚያኒ ጦር ጋር አገናኘ።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርረን ሐዲዱ ሌላውን ድካሙን አሳየ። ድልድዮች ሲፈርሱ መስመሩ በሙሉ ቆመ። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ በብዛት አመላለሱ፤ ሄሊኮፕተሮችም ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከተራራው ማዶ፣ ከጠላት ጀርባ አወረዱ። ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን ነፃ ወጣች። ሆኖም አውሮፕላኑ ብቻውን አልበቃም፤ ከባዱ ዕቃ በመርከብ አሰብ ደርሶ በካሚዮን ይጓዝ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱ አይተካኩም። አውሮፕላን ቀን ይገዛል፤ የተከበበን ይደርስለታል፣ ገደል አያግደውም፤ ነገር ግን ጭነቱ ጥቂት፣ ነዳጁ ብዙ ነው። ባቡር ወራት ይገዛል፤ አንዱ ጉዞው የብዙ አውሮፕላን ሸክም ያነሣል። ዳሩ ግን አንድ ድልድይ ይገታዋል፣ ወደቡን የያዘም ያዝዘዋል።

አሰብ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የኤርትራ ወደብ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እንደ ቀድሞው መድረሻው ጅቡቲ ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን የአድዋን ጀግንነት ስንነግራቸው፣ ጀግናው ስንቁና ጥይቱ በየት በኩል ይደርሰው እንደነበረም አብረን እንንገራቸው። በ1928 ዓ.ም. የጎደለን ጀግና ሳይሆን መንገድ ነበርና።